ጀልባ ሀ እና ጀልባ ለ

ሁለቱ ጀልባዎች ፒያሳ የደረሱት አንዷ በሌላዋ ላይ ተደርባ፣ በአንድ ጭነት መኪና ተጭነው ነው። መሥሪያ ቤታችን ከአትክልት ተራ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በሚያወርደው መንገድ ዳር፣ ንብረት ከተወረሰበት አዋጅ በፊት የአንድ ግሪክ ነጋዴ መጋዘን በነበረ ግቢ ውስጥ ነበር። ሾፌሩ በሩ ጠበበውና መንገዱን ዘግቶ ቆመ። ወዲያው ሰው ተሰበሰበ። የጎመን ኬሻ የተሸከሙት እንኳ ኬሻቸውን ሳያወርዱ ቆመው ያዩ ነበር።

«ምነው፣ የዘንድሮ ክረምት ይከብዳል ተባለ እንዴ?» አለ አንዱ።

«አይዞህ፣ እንደ ስኳሩ በቀበሌ ይታደላል። ለአምስት ቤተሰብ አንድ ጀልባ» አለው ሌላው።

ሰዉ ሊስቅ አፉን ከፈተና ግራ ቀኙን አይቶ መልሶ ገጠመው። ጊዜው እንደዚያ ነበር።

እኔ ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነኝ። የግዢ ክፍሉ ጸሐፊ ነበርኩ። ታይፕና እንግሊዝኛ ስለተማርኩ ከውጭ የሚመጣ ወረቀት ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። መሥሪያ ቤቱ የዓሣ ሀብት ጉዳይ ይመለከተዋል፤ ከመካከላችን ሐይቅ ያየው ስንቱ እንደነበር ግን እንጃ። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ከውቤ በረሃ ጀርባ ነው። የማውቀው ትልቅ ውሃ ክረምት ሲገባ ከድልድዩ ሥር እየጮኸ የሚያልፈውን ጎርፍ ብቻ ነበር።

ጀልባ የሚያውቀው ወንድሜ ነው። በስድስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ወንድም ጋሼ እለዋለሁ። ሙያው መካኒክ ነበር። መሥሪያ ቤቱ አባያ ሐይቅ ዳር ላለው ጣቢያ ሰው ሲፈልግ ፎርሙን ወስጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከአዲስ አበባ ይራቅልን ብዬ ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ተወስዶ አምስት ወር ታስሮ ነበር። ለምን እንደታሰረ የነገረን የለም፤ ለምን እንደተፈታም እንደዚያው። ከወጣ በኋላ የመኪና በር ድው ብሎ ሲዘጋ በሰማ ቁጥር የያዘው ነገር ከእጁ ይወድቅ ነበር። እማዬ «ይሂድልኝ፤ ብቻ ሩቅ ይሁንልኝ» አለች። ሄደ፤ የጣቢያው ጀልባ ነጂም ሆነ።

ሥራው በየማለዳው ሐይቁን አቋርጦ ዓሣ አጥማጆቹ ወደሚሰበሰቡበት ዳርቻ መሄድ ነው። አብሮት ዓሣውን የሚመዝን ሰው ይሄዳል። ይሄ ሚዛን ያዥ ከወንድሜ ብዙ ይበልጣል፤ ቤተሰብ ያለው፣ ዝምተኛ የሚመስል ግን አፉን ከከፈተ የማይዘጋ ሰው ነበር። ወንድሜ በደብዳቤው ስለ እሱ ሳይጽፍ አያልፍም። «ዋና አይችልም» ብሎ ጽፎልኝ ነበር አንዴ። «ከዳር እስከ ዳር ሚዛኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አቅፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። እግሩ መሬት ሲነካ ግን የሐይቁ ባለቤት እሱ ነው።» ደብዳቤዎቹን ለእማዬ ጮክ ብዬ ነበር የማነብላት፤ ትስቅ ነበር።

የሚሄዱባት ጀልባ የእንጨት ነበረች፤ በስብሳለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ጣቢያው ማመልከቻ ጽፏል፤ እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ ማመልከቻውን ፋይል አድርጌያለሁ። በመጨረሻ ተፈቀደና ሁለት አቅራቢዎች አንዳንድ የአሉሚኒየም የሞተር ጀልባ ለናሙና ላኩ። የተመረጠችው ወደ አባያ ትሄዳለች፣ ያልተመረጠችው ወደ አቅራቢዋ ትመለሳለች።

ወረቀታቸውን ጎን ለጎን ዘርግቼ አየሁት። ርዝመታቸው እኩል ነው። ስፋታቸው በሁለት ጣት ይለያያል። የሚነዳቸው ሞተር አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም ሆዳቸው ጠፍጣፋ ሳይሆን እንደ መጥረቢያ ስለት ወደ ታች የሾለ ነው ይላል፤ እኔም መዝገበ ቃላት ገልጬ «ጥልቅ ቪ» ብዬ ተረጎምኩት። ምን እንደሚጠቅም አላውቅም። ለቃለ ጉባኤው እንዲመች አንዷን ጀልባ ሀ፣ ሌላዋን ጀልባ ለ አልናቸው፤ የግቢው ዘበኛ በነጭ ጠመኔ ጻፈባቸው።

ኮሚቴው አራት ሰው ነበር፤ እኔ ጸሐፊዋ ነኝ። የሒሳብ ሹሙ፣ የንብረት ክፍሉ ኃላፊና የውይይት ክበቡ ሊቀመንበር ጀልባዎቹን ሁለት ጊዜ ዞረው አይተው፣ እርስ በርስ ተያይተው፣ «ባለሙያ ይጠራ» አሉ። ወንድሜ በቴሌግራም ተጠራ። እህቱ መሆኔን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን እንደ ነውር አልቆጠረውም። ጀልባ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረማ።

ሲመጣ ጠቁሯል፣ ከስቷል፤ ግን ትከሻው ሰፍቷል። የመኪና በር ሲዘጋም ሻንጣው ከእጁ አልወደቀም። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ወደ ግቢው ወረደ። ሁለቱን ጀልባዎች ቆሞ ለረጅም ጊዜ አያቸው፤ ከዚያ በጉልበቱ ተንበርክኮ እጁን ከሥራቸው ሰደደ።

«የሚገለብጥልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አለ።

ከአትክልት ተራ ስድስት ተሸካሚዎች አመጣን። ጀልባ ሀን በጎኗ ሲያጋድሏት አንደኛው «እመቤት፣ ይሄ እኮ ከሽንኩርት ይቀላል፤ በዚህ ነው ሰው የሚጫነው?» አለኝ።

ወንድሜ ክንዴን ይዞ ከፊት ለፊት አቆመኝ።

«ምን ታያለሽ?»

«መንታ ናቸው።»

«ከፊት መንታ ናቸው። አሁን ከኋላ ነይ።»

ከኋላ አሳየኝ። የጀልባ ሀ ሆድ ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ እንደሾለ ነው። የጀልባ ለ ግን ከፊት ሾሎ ይጀምርና ወደ ኋላ ሲመጣ እየተዘረጋ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ትሪ ይሆናል።

«ይቺ በረጋ ውሃ ትበራለች» አለ ወደ ለ እያመለከተ። «አባያ ግን ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳበታል። ማዕበሉ አጭር አጭር ነው፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይመጣል። ይቺ ትደለቃለች። ስትደለቅ ደግሞ ይሄ ነው የሚላላው።» ጣቱን በጀልባ ለ ጎን ላይ በተደረደሩት ጭንቅላታም ምስማሮች ላይ አሳለፈ። ጀልባ ሀ ላይ ምስማር የለም፤ መጋጠሚያዋ ሁሉ በብየዳ ነው። ከዚያ መዳፉን ዘርግቶ የሁለቱን ጎን ከፍታ ለካ። ሀ በአንድ ስንዝር ትበልጣለች።

«ስንዝር ምን አላት?» አልኩት።

«ስንዝሯ ለሚዛኑ ሰውዬ ናት» አለኝ።

በማግስቱ ኮሚቴው ተቀመጠ። ወንድሜ ያየውን ተናገረ፣ እኔ ጻፍኩ። ጀልባ ሀ ጎኗ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ መጋጠሚያዋ በብየዳ ስለሆነ፣ ሆድዋ እስከ ኋላ የሾለ ስለሆነ ተመርጣለች። ታይፕ አደረግሁት። አራታችን ፈረምን፣ ወንድሜም በባለሙያነት ፈረመ። በታይፕ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ አንድን ወረቀት ከልቤ ደስ ብሎኝ የጻፍኩት ያን ቀን ይመስለኛል።

ወንድሜ በነጋታው ሊመለስ ነበር። ሊሄድ በተዘጋጀበት ጠዋት ግን የመምሪያው ኃላፊ ከበላይ አካል የመጣ እንግዳ ይዞ ግቢ ገባ። እንግዳው ካኪ የለበሰ፣ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነበር። ለጉብኝት ወደ አባያ የሚሄዱ ልዑካን አሉ፤ ጀልባውን ማየት ፈለገ። ሁላችንም ወጥተን ቆምን።

ጀልባ ለ ከፊቷ የንፋስ መከላከያ መስታወት አላት። እንደ መኪና መሪ አላት። መቀመጫዎቿ ቀይ ቆዳ የለበሱ ናቸው። ጀልባ ሀ ውስጥ ያለው ሦስት አግዳሚ ብቻ ነው።

«ይቺ ናት እንጂ ጀልባ!» አለ እንግዳው የቀዩን ወንበር ትራስ መታ መታ እያደረገ። «ያቺኛዋ የውሃ በርሜል ትመስላለች።»

ኃላፊው ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ።

ወንድሜ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣ። «ጓድ፣ ከኋላዋ ቢያዩዋት...»

«ጓድ» አለው እንግዳው እየሳቀ፣ «እኛ አብዮተኞች ነን፤ ወደ ኋላ አናይም።»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። የሒሳብ ሹሙ ከማንም በላይ ሳቀ። ወንድሜ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ግን ሳቁ ውስጥ ቃሉ አልተሰማም። ሳቁ ሲያልቅ እንግዳው ወደ መኪናው ገብቶ ነበር።

ከምሳ በኋላ ኃላፊው ወደ ቢሮው ጠራኝ። ቃለ ጉባኤውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል።

«ጓዲት፣ እዚህ ላይ የታይፕ ስህተት ገብቷል።»

«የቱ ጋ?»

«ሀ ያለው ሁሉ ለ ይሁን። ለ ያለው ሁሉ ሀ ይሁን።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። «ምክንያቶቹስ?» አልኩት። «ጎኗ ከፍ ያለ፣ በብየዳ የተሠራች የሚለውስ?»

«ምክንያቶቹ ጥሩ ናቸው» አለ። «እነሱን አትንኪያቸው።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ይሄን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ አላስፈራራኝም። ፊቱ የደከመ ሰው ፊት ነበር። የመጀመሪያውን ቃለ ጉባኤ ከነካርቦን ቅጂው እንዳመጣለት ጠየቀኝ፤ አመጣሁለት። እፊቴ አራት ቦታ ቀደደው። ጠረጴዛዬ ጋ ተመልሼ ወረቀት አስገባሁና ሀ በነበረበት ለ፣ ለ በነበረበት ሀ እያደረግሁ ጻፍኩ። አንድም ቃል አልቀየርኩም። አንድ ገጽ ነው፤ ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም።

ሦስቱ የኮሚቴ አባላት ሳያነቡ ፈረሙ። ሊቀመንበሩ ብዕሬን ሲመልስልኝ ዓይኔን አላየኝም። እኔም ፈረምኩ። የወንድሜ ፊርማ ቀረ።

ግቢው ጥግ፣ የዘበኛው ቤት አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። ወረቀቱን አነበበ። እስከ መጨረሻው አነበበና ከላይ ጀምሮ እንደገና አነበበው።

«ይቺ በብየዳ የተሠራች ናት ብዬ ልፈርም?»

«ወንድም ጋሼ፣ በናትህ።»

«ምስማሯን አሳይቼሽ የለ እንዴ? ውሸት ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ካልፈረምክ ግን ለምን አልፈረመም ይላሉ። ከዚያ ማን ነው ይላሉ፣ የድሮ ፋይልህን ያወጣሉ። እማዬ ሁለተኛ አትችለውም።»

ወረቀቱን አጥፎ መልሶ ዘረጋው። ከዚያ «የሚዛኑን ሰውዬ ምን ልበለው?» አለኝ።

«ዋና አስተምረው» አልኩት።

ከአፌ ያመለጠ ነው። ቸኩዬ ነበር፣ ፈርቼም ነበር፤ ኃላፊው ከመስኮቱ የሚያየን መስሎኝ ነበር። ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝና ብዕሩን ከእጄ ወሰደ። ወረቀቱን ግንቡ ላይ አስደግፎ ፈረመ። ግንቡ ሻካራ ስለሆነ ፊርማው ተጣሞ ነበር።

ጀልባ ሀ ወደ አቅራቢዋ ተመለሰች። ጀልባ ለ ከወንድሜ ጋር በዚያው ሳምንት ወደ አባያ ወረደች።

መጀመሪያ ላይ ደብዳቤዎቹ ደህና ነበሩ። ፈጣን ናት፣ ሞተሩ ጥሩ ነው ይል ነበር። ልዑካኑ መጥተው፣ በረጋ ጠዋት ተንሸራሽረው፣ ተደስተው ሄዱ። ሦስተኛው ወር ላይ ከኋላ ባሉት ምስማሮች ሥር ውሃ ማስገባት ጀመረች ብሎ ጻፈ። «በሬንጅ ደፍኜዋለሁ። ሰውዬውን ውሃ መቅጃ ጣሳ አስያዝኩት፤ ሥራ ስላገኘ ጸሎቱን ቀንሷል።» በሌላ ደብዳቤ ደግሞ «ዋና ላስተምረው ሞክሬ ነበር፤ አዞ አለ ብሎ እግሩን ብቻ ነክሮ ወጣ» ብሎ ጻፈ። ይሄኛውን ለእማዬ አላነበብኩላትም። የመንሳፈፊያ ጃኬት እንዲገዛለት ጣቢያው ማመልከቻ ላከ። ኃላፊው ዳር ላይ «ለሚቀጥለው በጀት» ብሎ መራበት፤ እኔም ፋይል አደረግሁት።

ስልኩ የተደወለ ዕለት ሰኞ ነበር። የመሥሪያ ቤታችን ስልክ አገናኝ ደረጃውን እየሮጠች ወጥታ እኔ ጋ ቆመች። «ከአርባ ምንጭ ነው። መስመሩ አይሰማም። ጀልባዋ ሰጠመች ነው የሚሉት። ሦስት ሰው ነበር። ሁለቱ ተርፈዋል፣ አንዱ የለም።»

«ማን?»

«ተቋረጠ።»

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እስከ ማግስቱ እኩለ ቀን ድረስ መስመር አልተገኘም። ኃላፊው ቤትሽ ሂጂ ቢለኝም አልሄድኩም፤ እማዬን ምን ብዬ አያታለሁ? ስልክ አገናኟ ክፍል በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። እሷ በየሰዓቱ ትሞክራለች፣ ፊቷን አያለሁ፣ ራሷን ትነቀንቃለች። እግዚአብሔርን ወንድሜን አደራ አልኩት። ደጋግሜ አደራ አልኩት። ከዚያ ምን እየለመንኩ እንደሆነ ድንገት ገባኝ። አንድ ሰው ሞቷል፤ ያ ሰው ሌላ ይሁን እያልኩ ነው። ሌላው ደግሞ ማን ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ። አውቄም ልመናዬን አላቆምኩም።

ወንድሜ ተርፏል። የጣቢያው ዘበኛም አብሮ ተሳፍሮ ነበር፣ ተርፏል። ሚዛን ያዡ በሦስተኛው ቀን በዓሣ አጥማጆች መረብ ተገኘ። እዚያው ባለው ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ለቅሶው ሳይበርድ አጣሪ ተላከ። ጀልባዋን ከውሃ አውጥተው አዩአት፤ የኋላ ምስማሮቿ ተነቅለዋል። ከዚያ ከአዲስ አበባ ፋይሉ ተጠየቀና ቃለ ጉባኤው ወጣ። ወረቀቱ ጀልባዋ በብየዳ የተሠራች ናት ይላል። የባለሙያው ፊርማ አለበት። ጀልባዋ ግን በምስማር የተያያዘች ናት። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ? ባለሙያው ወይ አያውቅም፣ ወይ ሆን ብሎ መንግሥትን አሳስቷል። የድሮው ፋይል ወጣ። ሆን ብሎ የሚለው ሚዛን ደፋ። ወንድሜን አስረው አዲስ አበባ አመጡት።

እማዬ ስትሰማ አላለቀሰችም። ተነሥታ ምሳ ዕቃውን ከመደርደሪያው አወረደችና ታጥበው ጀመር። ታጥባ ጨርሳ እንደገና አጠበችው።

በአራተኛው ቀን አጣሪው ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ ነው። እንድቀመጥ ጋበዙኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የመጀመሪያውን ቃለ ጉባኤ፣ እንግዳውን፣ ሀ እና ለን። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ብዕራቸውን ግን አላነሡም።

«ቀይሪው ያለሽ ማን ነው?»

«የመምሪያው ኃላፊ።»

«በጽሑፍ?»

«በቃል።»

«የመጀመሪያው ወረቀት የት አለ?»

«ተቀደደ።»

«ማን አየ?»

«እኔ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ልጄ፣ ያልሽው እውነት ይመስለኛል» አሉኝ። «ግን ይሄ እሱን አያስወጣውም፤ አንቺን ነው የሚያስገባሽ። እናት አላችሁ አይደል?»

«አለች።»

«እንግዲያው ዛሬ እዚህ አልመጣሽም። ሂጂ።»

ቆምኩ። ይጻፉት፣ እፈርማለሁ ልላቸው ነበር። ወጣሁ። ከዚያ ቢሮ ወጥቼ እስከ ፒያሳ በእግሬ መጣሁ፤ በየትኛው መንገድ እንደመጣሁ አላስታውስም።

ሰባት ሳምንት ምግብ አመላለስኩ። በጠዋት እስከ ታሰረበት ፖሊስ ጣቢያ በር አድርሼ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ እገባለሁ። ኃላፊው ደብዳቤ ያስጽፈኛል፣ እጽፋለሁ። ሲያስፈርመኝ እፈርማለሁ፣ ሳስፈርመው ይፈርማል። አንድ ቀን ብቻ «ወንድምሽ እንዴት ነው?» አለኝ። «ደህና ነው» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል? ቀጥሎ ያለውን ወረቀት ገለጥኩለት።

በስምንተኛው ሳምንት ማክሰኞ ቀን ወንድሜ የቤታችንን በር ከፍቶ ገባ። እንደ ድሮው ሁሉ አሁንም ያብራራልን ሰው አልነበረም። ሂድ አሉት፣ ሄደ። ምናልባት የበላይ አካሉ እንግዳ ከሥልጣን ስለወረደ ነው፤ ምናልባት ሽማግሌው አጣሪ አንድ ነገር አድርገውልን ይሆናል። አላወቅንም። ከሥራው ተሰናበተ፣ አትክልት ተራ አካባቢ አንድ ጋራዥ ተቀጠረ። ማንኪያ ከእጁ መውደቁ ተመለሰ።

አምስት ወር ያህል ቆይቶ የሚዛን ያዡ ባለቤት አዲስ አበባ መጡ። የጡረታ ወረቀታቸው የሆነ ቢሮ ውስጥ ቆሞባቸዋል። ማረፊያ አልነበራቸውም፤ እኔን ቢሮ መጥተው ጠየቁኝ፤ አድራሻዬን ከባላቸው ዕቃ መካከል ካገኙት፣ ለወንድሜ ከላክሁት ፖስታ ላይ ነው ያገኙት። ወደ ቤት ወሰድኳቸው። ረጅም፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት ነበሩ። እማዬ አልጋዋን ለቀቀችላቸው።

ወንድሜ ግን ሊያያቸው አልቻለም። ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፤ ምሽት ላይ ምግብ ከተበላ በኋላ ይገባና መጋረጃ ጋርዶ ይተኛል። እኔ ቀን ቀን ፈቃድ እየጠየቅሁ ከሴትዮዋ ጋር ከቢሮ ቢሮ እዞራለሁ። ስድስት ቀን ሙሉ ስለ ባላቸው አሟሟት አንድም ነገር አልጠየቁኝም። እኔም አልተናገርኩም። በየቢሮው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንውል፣ ልነግራቸው እያልኩ አፌን ስከፍት ተራችን ይደርሳል፤ ወይም ይደርሳል ብዬ ዝም እላለሁ።

ሰባተኛው ቀን እሑድ ነው። ወንድሜ ለማምለጫ ሥራ የለውም። ፊቱን ታጥቦ ሊወጣ ሲል ሴትዮዋ በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጠው ተቀምጠዋል።

«ልጄ» አሉት፣ «ሰባት ቀን ሸሸኸኝ። እኔ ልከስህ አልመጣሁም።»

ቆሞ ቀረ።

«እንዴት እንደነበረ ንገረኝ። ሰው ሁሉ የሚነግረኝ የየራሱን ነው። አንተ ነህ አብረኸው የነበርከው።»

ወንድሜ መሬት ላይ፣ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠ። እኔ ከውስጥ ሆኜ ሰማሁት፤ ለእኔም ሲነግር ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ንፋሱ ከልማዱ ቀድሞ ተነሣ አለ። ጀልባዋ ከኋላ ተከፈተች። ሰውዬውን ሚዛኑን ይወርውሩት ሲላቸው እምቢ አሉ፤ የመንግሥት ንብረት ነው አሉ። በኋላ ወረወሩት። ጀልባዋ ስትሞላ ዘበኛው ባዶ ጀሪካን ያዘ። ወንድሜ ሰውዬውን በካፖርታቸው እጅጌ ይዞ ዋኘ። ማዕበሉ አጭር አጭር ነው። ብዙ ጊዜ ከያዛቸው በኋላ እጁ ቀለለው። ዞር ሲል የያዘው ካፖርቱን ብቻ ነበር።

«ምን አለ?» አሉት። «ቃል አልተናገረም?»

«ልቀቀኝ አላሉኝም» አለ ወንድሜ። «ልቀቀኝ ቢሉኝ ኖሮ...»

ሴትዮዋ እጃቸውን ዘርግተው ራሱ ላይ አኖሩት። አልመረቁትም፣ አላጽናኑትም። እጃቸውን እዚያው ተዉት። እማዬ ከጓሮ ገብታ ሁለቱን ስታይ ተመልሳ ወጣች።

ያን ዕለት ከሰዓት ጎናቸው ተቀምጬ ስለ ወረቀቱ ነገርኳቸው። ሀ እና ለን ያቀያየርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ወንድሜን ፈርም ብዬ የለመንኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ዋና አስተምረው ያልኩትን ግን አልነገርኳቸውም። እስከ ዛሬም ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሰምተውኝ ሲያበቁ «አንቺስ ምን ታደርጊ ነበር?» አሉኝ። ጥያቄ ይሁን ይቅርታ አልለየሁትም። መልስ ስፈልግ፣ እሳቸው ነጠላቸውን እያጣጠፉ ሌላ ነገር ማውራት ጀምረው ነበር።

ወረቀታቸው በዘጠነኛው ቀን ተፈረመ። በማግስቱ በማለዳ ወንድሜ ሻንጣቸውን ተሸክሞ፣ እኔም ስንቃቸውን ይዤ አውቶቡስ ተራ ሸኘናቸው። መቀመጫቸው መስኮቱ ጋ ነበር። መስታወቱን ዝቅ አድርገው ወንድሜን ጠሩት።

«መቃብሩን አላየኸውም አይደል? ና፣ አሳይሃለሁ።»

«እመጣለሁ» አላቸው።

አውቶቡሱ ወጣ። ወንድሜ እስከ ዛሬ አልሄደም። እኔም ሂድ ብዬ ገፍቼው አላውቅም።